የቴሌቪዥን ድራማ ፋይሎች አሰያየም

የቴሌቪዥን ድራማ ፋይሎች አሰያየም ማለት በኮምፒውተር፣ በሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ የተቀመጠ እያንዳንዱ የተከታታይ ድራማ ክፍል የየትኛው ድራማ፣ የስንተኛው ምዕራፍና ስንተኛው ክፍል እንደሆነ ከስሙ ብቻ እንዲታወቅ አድርጎ መጻፍ ነው። ጥቅሙ በተለይ የሚታየው እንደ ኮዲ፣ ፕሌክስና ጄሊፊን ያሉ የሚዲያ ሶፍትዌሮችን ለሚጠቀም ሰው ነው። እነዚህ ሶፍትዌሮች የፋይሉን ስም አንብበው በኢንተርኔት ላይ ካለ የመረጃ ቋት የድራማውን ርዕስ፣ የክፍሉን ጭብጥ፣ የተዋንያኑን ስም፣ የተላለፈበትን ቀንና ፖስተሩን ያመጣሉ። ይህ ስለ ፋይሉ የሚናገር መረጃ ሜታዳታ ይባላል። ስሙ ከተሳሳተ የሚመጣው መረጃ የሌላ ድራማ ይሆናል፤ አለዚያም ምንም አይመጣም።

የአማርኛ ድራማ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። የአሰያየሙ ደንብ የተሠራው ለላቲን ፊደል፣ ለጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠርና በየምዕራፉ ተከፋፍሎ ለሚቀርብ የውጭ ድራማ ነው። የአማርኛ ድራማ ግን በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመዘገባል፣ ብዙ ጊዜም ምዕራፍ ሳይለይ «ክፍል» እየተባለ ብቻ ይቆጠራል። በዚህ ላይ ብዙው ድራማ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በፍላሽ ነው። ሽፋን የለው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር የለው፤ ስለ ሥራው አብሮት የሚጓዘው ብቸኛ መረጃ የፋይሉ ስም ነው።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ የፋይል ስሞች ሁሉ በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል። «ኤስ»፣ «ኢ»፣ «ሲዝን» እና የመሳሰሉት ምልክቶች በእውነተኛው ፋይል ላይ ሲገቡ በላቲን ፊደል መጻፍ አለባቸው።

ሶፍትዌሩ የሚያየው ስሙን ነው

ሶፍትዌሩ ፊልሙን አያይም፣ ድምፁንም አይሰማም። ፎልደሩን ሲቃኝ የሚያገኘው የፊደልና የቁጥር ተርታ ነው። ከዚያ ተርታ ውስጥ የድራማውን ስም፣ ካለ ዓመተ ምሕረቱን፣ የምዕራፉንና የክፍሉን ቁጥር ለይቶ ያወጣል። ስሙን ወደ መረጃ ቋቱ ይልካል፤ ቋቱም ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሥራዎች ዝርዝር ይመልሳል፤ ሶፍትዌሩ ከመካከላቸው የቀረበውን ይመርጣል። ድራማው ከታወቀ በኋላ የክፍሉን መረጃ የሚጠይቀው በቁጥሮቹ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጠራል። ስሙ ሲሳሳት ድራማው በሙሉ ሌላ ይሆናል፤ ይህ በፖስተሩ ወዲያው ይታወቃል። ቁጥሩ ሲሳሳት ግን ድራማው ትክክል ሆኖ ጭብጡ የሌላ ክፍል ይሆናል። ይህኛው ስውር ነው። ተመልካቹ ክፍል 13ን ሊያይ ተቀምጦ የክፍል 14ን ታሪክ አስቀድሞ ያነባል፤ ማን እንደሞተ ከጽሑፉ ካወቀ በኋላ ማየቱ ምን ይጣፍጣል?

ከሶፍትዌሮቹ አንጋፋው ኮዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለኤክስቦክስ የጨዋታ መሣሪያ ተሠርቶ «ኤክስቢኤምሲ» ይባል ነበር፤ ኮዲ የተባለው በ2014 ነው። ፕሌክስ ከዚሁ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን፣ ጄሊፊን ደግሞ በ2018 ኤምቢ ከተባለው ሶፍትዌር ተለይቶ በነፃ የሚሰራጭ ሆኖ ወጣ። መረጃውን የሚሰጧቸው ቋቶች በዋናነት ሁለት ናቸው፦ በ2006 የተጀመረው ዘ ቲቪዲቢ እና በ2008 የተጀመረው ቲኤምዲቢ። ሁለቱም የሚሞሉት በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች ነው። ወደ ኋላ እንደሚታየው ይህ ለአማርኛ ድራማ ትልቅ ነገር ነው።

መደበኛው ቅርጽ

በሁሉም ሶፍትዌሮች ዘንድ የሚሠራው ቅርጽ ድራማውን በራሱ ፎልደር፣ ምዕራፉን በውስጡ ባለ ፎልደር፣ ክፍሉን ደግሞ ስምና ቁጥር ባለው ፋይል ማስቀመጥ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፈው «ሰው ለሰው» ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦

ሰው ለሰው / ሲዝን 01 / ሰው ለሰው - ኤስ01ኢ005.ኤምፒ4

ኤስ ምዕራፍን፣ ኢ ክፍልን ያመለክታል። የምዕራፉ ፎልደር «ምዕራፍ 1» ተብሎ በአማርኛ ቢጻፍ ለሰው ግልጽ ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን አያውቀውም። «ሰው ለሰው» ከመቶ በላይ ክፍል ያለው ሆኖ በምዕራፍ ተከፍሎ ያልተቆጠረ ድራማ ስለሆነ ሁሉም ክፍሎች በምዕራፍ 01 ሥር ይገባሉ፤ የክፍሉም ቁጥር በሦስት አኃዝ ቢጻፍ ይመረጣል። ድራማውን የያዘው ሰው ለመመደብ እንዲመቸው ብሎ በየሃያ ክፍሉ የራሱን ምዕራፍ ቢፈጥር ከመረጃ ቋቱ ጋር አይገናኝም።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥራዎች ካሉ ዓመቱን በቅንፍ መጨመር ያስፈልጋል። «ዶክተር ሁ» የተባለው የእንግሊዝ ድራማ የ1963 እና የ2005 የተለያዩ ምዝገባዎች አሉት፤ «ዘ ኦፊስ» ደግሞ የ2001 የእንግሊዝና የ2005 የአሜሪካ ነው። ዓመት ያልተጻፈበት ፋይል ከሁለቱ ወደ አንዱ በዕድል ይሄዳል። የሚጻፈው ዓመት የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈበት እንጂ ፋይሉ የተቀዳበት አይደለም፤ ደግሞም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ዓመቱም ካልለየው የድራማውን የቋት መለያ ቁጥር በፎልደሩ ስም ላይ ማስገባት ይቻላል። ፕሌክስ ይህን በጥምዝ ቅንፍ፣ ጄሊፊን በማዕዘን ቅንፍ ይቀበላል። መለያ ቁጥር ያለው ፎልደር በስም ፍለጋ አይደክምም፣ በቀጥታ ወደ መዝገቡ ይሄዳል። ለአማርኛ ድራማ ከሁሉ የሚበጀው መንገድም ይህ ነው።

ርዕሱ ራሱ ቁጥር ሲይዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ገመና» እና ተከታዩ «ገመና 2» የታወቀ ምሳሌ ናቸው። ሰው ሁለተኛውን የፊተኛው ሁለተኛ ምዕራፍ አድርጎ ሊወስደው ይችላል፣ እንደ ሌላ ድራማም ሊቆጥረው ይችላል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ወሳኙ የመረጃ ቋቱ እንዴት እንደመዘገበው ነው። ፋይሉ ከመሰየሙ በፊት ቋቱን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሁለት ክፍል በአንድ ፋይል ተቀድቶ ከሆነ «ኤስ01ኢ05-ኢ06» ተብሎ ይጻፋል። የበዓል ልዩ ዝግጅቶች፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችና ከተዋንያን ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆች ከመደበኛው ቁጥር ውጭ ስለሆኑ ምዕራፍ 00 ይሰጣቸዋል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልዩ ዝግጅት በመደበኛው ተርታ መካከል ከገባ ከእሱ በኋላ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ በአንድ ቁጥር ያዛንፋቸዋል።

«ክፍል» የሚለው ቃል

በአማርኛ ፋይሎች ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው ይህ ቃል ነው። «ክፍል» የድራማው ተከታታይ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ ቁጥር ቁራጭም ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ከ10 ደቂቃ የረዘመ ቪዲዮ ከተራ ተጠቃሚ አይቀበልም ነበር፤ በ2010 አጋማሽ ወደ 15 ደቂቃ ከፍ አለ፣ ከዚያም ገደቡ እየላላ ሄደ። በዚያ ዘመን የተጫነ አንድ የአርባ ደቂቃ ድራማ አራት ወይም አምስት ቦታ ይቆረጥ ነበር። ቁራጮቹም «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» ተባሉ። ከዚያ ወርዶ በፍላሽ ሲዞር የኖረ ፋይል «ክፍል 3» የሚል ስም ይዞ ሲገኝ ሦስተኛው ሳምንት ይሁን የመጀመሪያው ሳምንት ሦስተኛ ቁራጭ ከስሙ አይታወቅም። ርዝመቱን ማየት ይረዳል፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ከሆነ ቁራጭ ነው። ቁራጮች የአንድ ክፍል ቁጥር ይዘው መጨረሻቸው ላይ የቁራጭ ምልክት ይጨመርባቸዋል፤ ፕሌክስ ለዚህ «ፒቲ1»፣ «ፒቲ2» የሚሉትን ያውቃል። ከተቻለ ግን ቁራጮቹን በቪዲዮ ማስተካከያ ፕሮግራም አንድ ላይ ማጣበቅ ይሻላል።

የትምህርት ቪዲዮ ሲሆን ቃሉ ሦስተኛ ትርጉም ይጨምራል። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት የቀዳ ሰው «9ኛ ክፍል ሒሳብ ክፍል 12» ብሎ ሊሰይመው ይችላል። እንዲህ ያለው ትምህርት በባሕርዩ ከተከታታይ ድራማ አይለይም፤ የትምህርቱ ዓይነት እንደ ድራማው ርዕስ፣ የተማሪው ደረጃ እንደ ምዕራፍ፣ የትምህርቱ ቁጥር እንደ ክፍል ሊወሰድ ይችላል። «ሒሳብ - ኤስ09ኢ12» ማለት የዘጠነኛ ክፍል አሥራ ሁለተኛው ትምህርት ይሆናል፤ በሶፍትዌሩም ላይ በየደረጃው ተደርድሮ ይታያል። ይህ የማንም ቋት ደንብ አይደለም፣ ነገር ግን ለተማሪ ይሠራል።

ቁጥርና የግዕዝ አኃዝ

የክፍሉ ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ከተጻፈ ሶፍትዌሩ አያየውም። «ክፍል ፲፪» ለአማርኛ አንባቢ አሥራ ሁለት ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚፈልገው ግን ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች ነው። ዩኒኮድም የግዕዝ አኃዞችን ከአስርዮሽ አኃዞች ጎራ አልመደባቸውም፤ ዜሮ የላቸውም፣ ዋጋቸውም በቆሙበት ቦታ አይወሰንምና። ስለዚህ ፲፪ን «12» አድርጎ መለወጥ ግድ ነው።

ነገር ግን የግዕዝ አኃዝ ሶፍትዌር በሌለበት ቦታ አንድ ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። ፍላሽ በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ብዙ ቴሌቪዥኖች ፋይሎቹን በፊደል ተራ ይደረድራሉ። በዚያ ተራ «ክፍል 10» ከ«ክፍል 2» ይቀድማል፤ መጀመሪያ የሚወዳደሩት 1 እና 2 ናቸውና። ፈውሱ ፊት ላይ ዜሮ መጨመር ነው፦ 02፣ 10፤ መቶ ካለፈ 002፣ 010፣ 100። የግዕዝ አኃዝ ግን ለአሥር፣ ለሃያና ለሠላሳ የየራሱ ምልክት ስላለውና በዩኒኮድም በዋጋቸው ቅደም ተከተል ስለተቀመጡ ያለ ምንም ዜሮ ፩፣ ፪፣ ፱፣ ፲፣ ፲፩፣ ፳ ብሎ በትክክል ይደረደራል። እስከ 199 ድረስ አይሳሳትም። የሚሰናከለው ፪፻ ላይ ሲደርስ ነው፤ በ፪ ስለሚጀምር ከ፪ ቀጥሎ ይገባል። እርግጥ ይህ ጥቅም የሚገኘው ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ማሳየት ከቻለ ነው፤ ብዙዎቹ የቆዩ ቴሌቪዥኖች በፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ያሳያሉ።

ርዕስና ፊደል

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ስለተካተተ የአሁን ኮምፒውተሮች የአማርኛ ፋይል ስም ያለ ችግር ይቀበላሉ። ችግሩ ያለው ፍለጋው ላይ ነው። የአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት፣ ማለትም ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ፣ ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ልክ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። ቋቱ ላይ «ሕይወት» ተብሎ የተመዘገበ ርዕስ «ህይወት» ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ርዕሱ በድራማው መክፈቻ ላይ እንደተጻፈው፣ ያውም ቋቱ ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት።

በላቲን ፊደል መጻፍም ከዚህ አያድንም። «እረኛዬ» የሚለውን ርዕስ በላቲን ሲጽፍ ኘን አንዱ በጂ እና ኤን፣ ሌላው በኤን እና ዋይ ይጽፈዋል፤ የመጀመሪያውን ድምፅ አንዱ በኢ፣ ሌላው በአይ ይጀምረዋል። «ሰው ለሰው» በሁለት ቃልም በሦስትም ተለያይቶ ይገኛል። ርዕሱ አጭርና የተለመደ ቃል ሲሆን ደግሞ ሌላ ዓይነት ስሕተት ይመጣል። «ዳና» በላቲን ሲጻፍ በውጭ አገር የሰው ስም ነው፤ ሶፍትዌሩ የማያውቀውን የአማርኛ ድራማ ሲያጣ ስሙ የቀረበውን የውጭ ሥራ አምጥቶ ይለጥፍበታል። የአማርኛው ድራማ ይጠበቅ በነበረበት ቦታ ፈረንጅ ፖስተር ላይ ቆሞ ይታያል። ይህ የሚሆነው ድራማው ቋቱ ላይ በማይገኝበት ጊዜ ነው፤ የሶፍትዌሩ አመል ባዶ ከመተው መገመት ነውና።

ከዩቲዩብ የወረዱ ፋይሎች ስማቸው ርዕሱን ብቻ አይዝም። «አዲስ»፣ «የኢትዮጵያ ድራማ»፣ የቻናሉ ስም፣ የቪዲዮው ጥራት ቁጥርና ሌላም ሌላም ይከተለዋል። ይህ ሁሉ ትርፍ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሶፍትዌሩን ያሳስታል፤ ለምሳሌ ጥራቱን የሚናገረው 720 ወይም 1080 በተለመደው አጻጻፍ ካልሆነ እንደ ክፍል ቁጥር ሊነበብ ይችላል። ርዝመቱም ራሱ ችግር ነው። ሊኑክስ ላይ በሚሠሩ ብዙ መሣሪያዎች አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ አይችልም። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ላቲን 255 ፊደል በሚጽፍበት ቦታ አማርኛ 85 ብቻ ይጽፋል። ዊንዶውስ ላይ በደህና ይሠራ የነበረ ረጅም የአማርኛ ስም ወደ እነዚህ መሣሪያዎች ሲገለበጥ አልገለበጥም የሚለው በዚህ የተነሳ ነው።

ዊንዶውስ በበኩሉ ጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ዝባዝ፣ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብና የእንግሊዝኛው ጥቅስ ምልክት በፋይል ስም ውስጥ እንዲገቡ አይፈቅድም። የአማርኛው ሁለት ነጥብ «፡» ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ይፈቀዳል፤ «፧» እና የአማርኛው ጥቅስም እንዲሁ። ሁለቱን ሁለት ነጥቦች በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር አንዱ ፋይል ተቀባይነት አግኝቶ ሌላው ሲከለከል ምክንያቱ ግራ ያጋባል።

በቀን የሚታወቁ ፕሮግራሞች

ዜና፣ የውይይት ፕሮግራምና በየሳምንቱ የሚቀርብ መዝናኛ የክፍል ቁጥር ስለማይኖራቸው በተላለፉበት ቀን ይሰየማሉ። ቅርጹ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው፦ 2021-10-22። ሶፍትዌሩ ይህን ቀን ቋቱ ላይ ካለው የስርጭት ቀን ጋር ያገናኘዋል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን እዚህ ላይ በጸጥታ ይሳሳታል። ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. የተላለፈ ፕሮግራም 2014-02-12 ተብሎ ከተጻፈ ሶፍትዌሩ እንደ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014 ያነበዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን ኦክቶበር 22 ቀን 2021 ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ ስሕተት የሚል መልእክት ግን አይመጣም። ጥቅምት 30 የተላለፈው ሲሆን ነገሩ ይጋለጣል፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለምና ሶፍትዌሩ ቀኑን አይቀበለውም። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ ከነጭራሹ አይታወቅም። አንድ ሰው የቀዳቸው ፕሮግራሞች በብዛት ተቀባይነት አግኝተው በጥቅምት መጨረሻና በጳጉሜን ያሉት ብቻ ከቀሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሰየማቸው ምልክት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማቆየት የሚፈልግ ቀኑን ከጎርጎርዮሳዊው ቀጥሎ በቃል፣ ማለትም «ጥቅምት 12» ብሎ ቢጽፈው ለሰውም ለሶፍትዌሩም ይስማማል።

ከሳተላይት ሪሲቨር በቀጥታ የተቀዱ ፋይሎች የቻናሉን ስምና ሪሲቨሩ የሞላውን ቀን ይዘው ይመጣሉ። የሪሲቨሩ ሰዓት ካልተስተካከለ ያ ቀን ሐሰት ስለሆነ ከመሰየም በፊት ማመሳከር ያስፈልጋል።

የቱ ነው አንደኛው ክፍል?

ስሙም ቁጥሩም በደንቡ ተጽፎ መረጃው የተዘበራረቀ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ አንድ ድራማ ከአንድ በላይ ቅደም ተከተል ሊኖረው መቻሉ ነው። የአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2002 «ፋየርፍላይ» የተባለውን ድራማ ሲያስተላልፍ መግቢያ እንዲሆን የተሠራውን ክፍል አስቀርቶ በዲሴምበር አሳየው። በዲቪዲ ሲወጣ ግን ያ ክፍል አንደኛ ሆነ። ከዲቪዲ የተቀዳ ፋይል በስርጭቱ ተራ ከተፈለገ እያንዳንዱ ክፍል የሌላውን ጭብጥ ይይዛል። ዘ ቲቪዲቢ የስርጭትና የዲቪዲ ተራን ለይቶ ስለሚይዝ ሶፍትዌሩ ላይ የትኛውን እንደሚከተል መምረጥ ይቻላል።

ለኢትዮጵያ ተመልካች የበለጠ ቅርብ የሆነው የቱርክ ድራማ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎች በብዙ ቤት ገብተዋል። የቱርክ ድራማ በአገሩ ሲተላለፍ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ግን ወደ 45 ደቂቃ ገደማ ይቆራረጣል። «ሙህተሸም ዩዝይል» የተባለው የሱልጣን ሱለይማን ድራማ በቱርክ 139 ክፍል ሲሆን ለውጭ በቀረበው ቅጂ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ነው። የመረጃ ቋት ብዙውን ጊዜ የሚመዘግበው የአገሩን ቁጥር ነው። ስለዚህ በአማርኛ የቀረበውን 60ኛ ክፍል በ60 ቁጥር የሚፈልግ ሶፍትዌር ገና ያልተደረሰበትን ታሪክ ያመጣል። ርዕሱም በአማርኛ ሌላ ስም ተሰጥቶት ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን የቱርክ ርዕስ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ላለው ድራማ ከቋቱ ርዕሱን፣ ተዋንያኑንና ፖስተሩን ወስዶ የየክፍሉን ጭብጥ መተው ከሁሉ ይሻላል።

መዝገብ የሌለው ድራማ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ድራማው ቋቱ ላይ እንዳለ ቆጥሮ ነው። ብዙ የአማርኛ ድራማዎች ግን መዝገብ የላቸውም፤ ያላቸውም ርዕስና ፖስተር ብቻ ይዘው የክፍሎቹ ዝርዝር ባዶ የሆነ ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ የቱንም ያህል በጥንቃቄ የተሰየመ ፋይል የሚያገኘው ነገር የለም።

ቲኤምዲቢ ላይ ማንኛውም ሰው አካውንት ከፍቶ ድራማ መመዝገብ ይችላል። የመጀመሪያውን ቋንቋ አማርኛ ብሎ፣ ርዕሱን በግዕዝ ፊደል ጽፎ፣ መጀመሪያ የተላለፈበትን ቀንና የክፍሎቹን ቁጥር ማስገባት ይበቃል። ርዕሱ በላቲን የሚጻፍባቸው ልዩ ልዩ መንገዶችም እንደ ተለዋጭ ርዕስ ሊገቡ ይችላሉ፤ ይህን ያደረገ አንድ ሰው በሌላ አጻጻፍ የሚፈልጉትን ሁሉ ያተርፋል። ጭብጡ ግን ከሌላ ቦታ ሳይገለበጥ በራስ ቃል መጻፍ አለበት። ድራማውን የጻፉትና ያዘጋጁት ሰዎች ስም እዚያ ካልገባ በፍላሽ በሚዞረው ፋይል ላይ ፈጽሞ አይገኝም፤ የመክፈቻው ጽሑፍ በብዙ ቅጂ ላይ ተቆርጦ ወጥቷልና። ቅጂው ራሱ በምን መብት ተባዛ የሚለው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚታይ የተለየ ጉዳይ ነው።

ያለ ኢንተርኔት

ሁለተኛው መንገድ መረጃውን ከፋይሉ አጠገብ ራስ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ኮዲና ጄሊፊን «ኤንኤፍኦ» የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያነባሉ። የክፍሉ ኤንኤፍኦ ከቪዲዮው ጋር በትክክል አንድ ስም ይኖረዋል፣ የሚለየው በቅጥያው ነው። በውስጡ የክፍሉ ርዕስ፣ የምዕራፍና የክፍል ቁጥር፣ ጭብጡና የተላለፈበት ቀን በየምልክታቸው መካከል ይጻፋሉ። ለድራማው አጠቃላይ መረጃም በዋናው ፎልደር ውስጥ አንድ ኤንኤፍኦ ይቀመጣል፤ ፖስተሩም እንደ ተራ ሥዕል እዚያው ይገባል። ሶፍትዌሩ እነዚህን ሲያገኝ ቋት አይጠይቅም። ታይኒሚዲያማኔጀር የተባለው ፕሮግራም ኤንኤፍኦዎችን በቅጽ እየሞላ ይሠራል፤ ምልክቶቹን በእጅ መጻፍ ለማይፈልግ ይመቻል።

ይህ መንገድ በአማራ ክልል ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት መርሳና ሲሪንቃ፣ ራሷ ወልድያም፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ጊዜ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጠው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ድራማ ከቤት ወደ ቤት የሚደርሰው ሞባይል ቤት አስጭኖ ወይም ከጎረቤት ፍላሽ ገልብጦ ነው፤ ከቋት መረጃ የሚያመጣ ሶፍትዌር ግን ባዶ ዝርዝር ከማሳየት በቀር የሚሠራው የለም። ኤንኤፍኦ ያለው ፎልደር ኔትወርክ ኖረም አልኖረም መረጃውን ይዞ ይዞራል። አንድ ሰው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ ሙሉ ድራማውን ከነኤንኤፍኦው አዘጋጅቶ ቢልክ ሲሪንቃ ላይ የሚከፍተው ሰው ያለ ኢንተርኔት የተዋንያኑንና የጸሐፊውን ስም፣ የየክፍሉንም ጭብጥ ያገኛል።

ኤንኤፍኦ ሲዘጋጅ ሁለት ነገር ይታሰባል። ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጥ አለበት፤ በቆየው የዊንዶውስ አቀማመጥ «አንሲ» ከተቀመጠ የአማርኛው ፊደል በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፣ ተመልሶም አይወጣም። ፍላሹም ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ቪዲዮ አይቀበልም፤ ኤክስፋት ግን ይቀበላል። ፎልደሩ ሲገለበጥ በሙሉ ይገልበጥ። ብዙ ሰው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ትንንሾቹን ፋይሎች ይተዋቸዋል፤ የአንድ ኤንኤፍኦ መጠን ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው፣ የመቶ ክፍል ድራማ ኤንኤፍኦ ሁሉ ተደምሮ አንድ ፎቶግራፍ አያህልም።